ዕቁብ ደርሶኛል፤ ፒኤስ 5 (ፕሌስቴሽን 5) ልግዛ ወይስ ልጠብቅ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ሰላም ለእርስዎ። የምኖረው ካሳንቺስ ነው። ፒኤስ 4 ስሊም (ቀጭኑ ስሪት) አለኝ፤ በ2011 ዓ.ም. ያገለገለ ነው የገዛሁት። ቅዳሜና እሁድ ከታናሽ ወንድሜና ከሰፈር ልጆች ጋር ኳስ እንጫወታለን። ማታ ማታ ደግሞ ብቻዬን የታሪክ ጌም እጫወታለሁ። አሁን ድምፁ እንደ ፀጉር ማድረቂያ ሆኗል፣ ጌም ለመክፈትም በጣም ይቆያል። የመሥሪያ ቤት ዕቁብ ደርሶኛል። ይሄን ሸጬ፣ ጨምሬበት ፒኤስ 5 ልግዛ? ወይስ ፒኤስ 6 እስኪወጣ ልታገስ? ቲቪዬ 32 ኢንች ነው።»

ወንድሜ፣ ዕቁቡ እንኳን ደረሰህ። ብሩን ግን አንድ ሳምንት አቆይልኝ።

እኔ የጌም ማሽን እጠግናለሁ። ድሮ ፒያሳ ነበርኩ፣ አሁን አራት ኪሎ ነኝ። በሥራው 14 ዓመት ቆይቻለሁ። «አርጅቷል፣ ልቀይረው ነው» እየተባለ ጠረጴዛዬ ላይ ከሚቀመጠው ማሽን አብዛኛው ያረጀ ሳይሆን የቆሸሸ ነው። ስለዚህ ጥያቄህን ለሁለት ልክፈለው። ጩኸትና መዘግየት ሕመም ናቸው፤ በትንሽ ወጪ ይድናሉ። ማሽን አረጀ የምለው አንተ የምትፈልጋቸው ጌሞች ለእሱ መውጣት ሲያቆሙ ነው። ያኔ ጥገና አያድነውም። አዲስ መግዛት ያለብህ በሁለተኛው ምክንያት እንጂ በመጀመሪያው አይደለም።

በቅርቡ አንድ ልጅ ልክ እንዳንተው ዓይነት ስሊም ይዞልኝ መጣ። «ልሸጠው ነው፣ ስንት ያወጣል?» ነበር ጥያቄው። እስኪ መጀመሪያ እንየው ብዬ ከፈትኩት። ፋኑ ላይ ያለው አቧራ ተጋግሮ እንደ ጥጥ ፍራሽ ሆኗል። ሙቀት የሚያስወጡት ቀጫጭን ብረቶች መሃል ብርሃን አያሳልፍም። ከፓወር ሰፕላዩ ሥር ሁለት የደረቁ በረሮዎች ነበሩ፤ በረሮ ሞቅ ያለና ጨለማ ቦታ ይወዳል፣ ፒኤስ 4 ደግሞ ሁለቱንም አሟልቶ ይሰጠዋል። ቺፑ ላይ የተቀባው ፔስት ደርቆ እንደ ኖራ ይፈረፈራል። ይህ ፔስት ሙቀቱን ከቺፑ ወደ ብረቱ የሚያሻግር ነው። ሲደርቅ ሙቀቱ እዚያው ይቀራል፣ ማሽኑ ደግሞ ራሱን ለማትረፍ ፋኑን እስከ ጥግ ያሽከረክረዋል። አንተ የምትሰማው ጩኸት ይህ ነው።

በብሩሽና በአልኮል አጸዳሁት። አዲስ ፔስት ቀባሁ። ገጣጥሜ አበራሁት። ልጁ ጆሮውን አስጠግቶ «በራ እንዴ?» አለኝ። ቲቪው ላይ ግን ሜኑው ወጥቷል። ያን ቀን ማሽኑን ሳይሸጠው ሄደ።

መዘግየቱ ሌላ ነገር ነው። ፒኤስ 4 ውስጥ ያለው ሃርድ ዲስክ እንደ ሸክላ የሚሽከረከር የላፕቶፕ ዲስክ ነው። ዓመታት ሲሠራና መብራት በላዩ ላይ ሲጠፋበት ይዝላል። ደስ የሚለው ነገር፣ ሶኒ ራሱ ዲስኩ እንዲቀየር አድርጎ ነው የሠራው። ስሊሙ ላይ ከኋላ በኩል ጥጉ ላይ ያለውን ሽፋን አንስተህ፣ አንድ ብሎን ፈትተህ ታወጣዋለህ። በምትኩ 2.5 ኢንች የሆነ የላፕቶፕ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ) ይገባል። 500 ጊጋ ይበቃሃል፣ 1 ቴራ ካገኘህ ደግሞ እሰየው። ከመቀየርህ በፊት የጌም ሴቮችህን (ጌሙ ውስጥ የደረስክበትን የሚይዙትን ፋይሎች) በፍላሽ አውጣ። ሲስተሙንም ከሶኒ ድረ ገጽ በፍላሽ አውርደህ እንደ አዲስ ትጭነዋለህ። ፒኤስ 5 አይሆንልህም፤ የፒኤስ 4 ፕሮሰሰር በ2013 የወጣ ደካማ ፕሮሰሰር ነው፣ ኤስኤስዲ እሱን አያስረሳም። ሆኖም ጌም ሲከፈትና ካርታ ሲጫን ልዩነቱን በዓይንህ ታየዋለህ። (ይህንንም ሆነ ከዚህ በኋላ የማሽኖቹንና የጌሞቹን ዓመት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ይህን ሁሉ ያልኩህ ፒኤስ 5 አትግዛ ለማለት አይደለም። ሰርቪሱን አስቀድመው ነው። ማሽኑን ብታስቀርም ትጠቀምበታለህ። ብትሸጠውም የማይጮህ ማሽን ገዢ ፊት አያሳፍርህም።

አሁን ወደ እርጅናው እንምጣ። እዚህ ላይ ነው ልብ ብለህ እንድታነበኝ የምፈልገው።

እኛ አገር የአንድ ማሽን ዕድሜ የሚለካው በኳስ ነው። የፕሌስቴሽን ቤቱም፣ የሳሎኑም ቅዳሜ በኳስ ጌም ነው የሚሞላው። የኳስ ጌም ደግሞ አሮጌ ማሽንን ቶሎ አይጥልም። ፒኤስ 2 በ2000 ወጣ፤ ፊፋ 14 በ2013 ሲወጣ ለፒኤስ 2ም ወጥቶ ነበር። ለእሱ የመጨረሻው እሱ ሆነ። ፒኤስ 3 በ2006 ወጣ፤ የመጨረሻው ኳሱ በ2018 የወጣው ፊፋ 19 ነው። ይህ ማለት ፒኤስ 4 ከወጣ አምስት ዓመት ሊሞላው ሲል ነው። አሁን ፒኤስ 5ን ቁጠር። የወጣው በኖቬምበር 2020 ነው። በሴፕቴምበር 2025 የወጣው ኤፍሲ 26 (ኤፍሲ የፊፋ ጌም አዲሱ ስም ነው) ለፒኤስ 4ም ወጥቷል። እሱም ልክ አምስት ዓመት ሊሞላው ሲል ነው። ያንተ ማሽን የቆመው ፒኤስ 3 በተተወበት ጠርዝ ላይ ነው።

ሌላም አለ። ሽፋኑ አንድ ዓይነት ቢሆንም ለፒኤስ 4 የሚሸጠውና ለፒኤስ 5 የሚሸጠው ኳስ አንድ ጌም አይደለም። ከፊፋ 22 ጀምሮ ሃይፐርሞሽን የሚባለው፣ የእውነተኛ ተጫዋቾችን እንቅስቃሴ ከሜዳ ቀርጾ የሚያስገባው አሠራር ለአዲሶቹ ማሽኖች ነው የመጣው። ኦንላይን መጋጠምም እንደዚሁ በትውልድ የተከፈለ ነው። በፒኤስ 4 የገባ ሰው የፒኤስ 5ን ስሪት ከሚጫወት ሰው ጋር አይገናኝም። አንተ ግን እንዳልከኝ ከወንድምህና ከሰፈር ልጆች ጋር አንድ ሶፋ ላይ ነው የምትጫወተው። ለዚያ ሥራ ፒኤስ 4 ዛሬም ይበቃል። ልጆቹ ኦንላይን መጋጠም ከጀመሩና አብዛኞቹ ወደ 5 ከተሻገሩ፣ ያኔ ብቻህን ትቀራለህ።

እርጅናው የበረታው በማታው በኩል ነው። የታሪክ ጌም የሚሠሩት ኩባንያዎች ፒኤስ 4ን ትተውት ሄደዋል። በ2022 የወጣው ጋድ ኦፍ ዋር ራግናሮክ ለሁለቱም ነበር። በ2023 የወጣው ስፓይደርማን 2 ግን ሲወጣ ለፒኤስ 5 ብቻ ነበር። ጂቲኤ 6ም የተነገረው ለፒኤስ 5ና ለአዲሶቹ ኤክስቦክሶች እንጂ ለፒኤስ 4 አይደለም። ስለዚህ አንድ ነገር ሥራ። ወረቀት አውጣና በዚህ ዓመት በእርግጥ ልትጫወታቸው የምትፈልጋቸውን ሦስት ጌሞች ጻፍ። ዩቲዩብ ላይ አይተህ ያማሩህን አይደለም፤ ገዝተህ ቁጭ ብለህ የምትጨርሳቸውን ብቻ። ሁለቱ ለፒኤስ 4 ካልወጡ ማሽንህ ላንተ አርጅቷል። አንዱ ብቻ ከሆነ አላረጀም። እኔ ከደንበኞቼ ጋር የምጠቀመው መለኪያ ይኸው ነው፤ እስካሁን አላሳፈረኝም።

«ዋጋው እስኪወርድ ልጠብቅ» የሚለውን ሐሳብ ግን እርሳው። ድሮ ይሠራ ነበር። ፒኤስ 4 በ2013 በ399 ዶላር ወጥቶ፣ ስሊሙ በ2016 በ299 መጣ። የአሁኑ ትውልድ ይህን ልማድ አፍርሶታል። ባለ ሲዲው ፒኤስ 5 በ499 ዶላር ነበር የወጣው፤ በኦገስት 2025 አሜሪካ ውስጥ 50 ዶላር ተጨመረበት። እኛ ጋ ደግሞ የዶላሩ ጉዳይ አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። በዚያ ክረምት «ትንሽ ልጠብቅ» ብለው ብራቸውን ይዘው የቆዩ ደንበኞች ነበሩኝ። ከዱባይ በካርጎም ሆነ በሰው ሻንጣ የሚገባ ዕቃ በብር ሲጠበቅ አይረክስም። የሚፈልጉት ጌም ቀድሞ ወጥቶ እያለ፣ ብሩም በእጃቸው እያለ መጠበቃቸው እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከዚያ ወዲህ ለሰው የምለው አንድ ነው፦ ከፈለግከውና ብሩ የሌላ ነገር ካልሆነ ግዛ፤ ካልፈለግከው ደግሞ ርካሽ ስለሆነ ብለህ አትግዛ።

ፒኤስ 6ንስ? ዓመቶቹን ተመልከት፦ 2000፣ 2006፣ 2013፣ 2020። በስድስትና በሰባት ዓመት ነው የሚመጡት። እንግዲህ ሩቅ አይደለም። ነገር ግን አዲስ ማሽን በወጣ ሰሞን እዚህ አገር መግዛት እኔ ለማንም አልመክርም። ፒኤስ 5 ሲወጣ ዓለም ሁሉ ሁለት ዓመት ያህል በእጥረት ተቸግሯል፤ እጥረት ባለበት ደግሞ የነጋዴው ጭማሪ ይከብዳል። የመጀመሪያ ምርት ችግርም አለ። ማይክሮሶፍት በ2007 ለኤክስቦክስ 360 ብልሽት የዋስትና ጊዜ ለማራዘም ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ መድቧል። ያን ጊዜ አሜሪካ ያለው ሰው ማሽኑን በነፃ አስጠገነ። እዚህ ያለው ሰው ዋስትናው የሻጩ ቃል ብቻ ስለሆነ ከኪሱ ከፈለ። የፒኤስ 4ም የፒኤስ 5ም ስሊም የመጣው ዋናው ከወጣ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ጥሩው የመግዣ ጊዜ እዚያ አካባቢ ይጀምራል፦ ማሽኑ ተስተካክሎ፣ ያገለገለ ሲዲ ገበያ ላይ ሞልቶ፣ እኛም የውስጡን በሽታ ለይተን አውቀነው። ፒኤስ 5 አሁን እዚያ ደርሷል። ፒኤስ 6 ቢወጣም ከላይ ያየኸው የኳስ ሂሳብ ለፒኤስ 5ም የሚሠራ ከሆነ ብዙ ዓመት ይቀረዋል።

እንግዲህ ልትገዛ ከወሰንክ፣ ባለ ሲዲውን ግዛ። በዚህ ላይ አልደራደርም። ሲዲ የሌለውን ከገዛህ ፒኤስ 4 ላይ ያሉህ ሲዲዎች ሁሉ ጌጥ ይሆናሉ። ባለ ሲዲው ላይ ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም የፒኤስ 4 ጌሞች ይሠራሉ። ሲዲ ተጫውተህ ትሸጠዋለህ፣ ትለዋወጣለህ፣ ከጓደኛ ትዋሳለህ። በኦንላይን የሚገዛው ጌም ከአካውንትህ አይወጣም። የሶኒ መደብር ኢትዮጵያን በአገር ዝርዝሩ ውስጥ ስለማያካትት የሌላ አገር አካውንት ከፍተህ በጊፍት ካርድ ነው የምትገዛው። አንድ ጌም 50፣ አንዳንዴም 100 ጊጋ ያወርዳል። የኢንተርኔት ጥቅልህን ታውቀዋለህ። «ስሊሙን ያለ ሲዲ ልግዛና ማጫወቻውን በኋላ እጨምራለሁ» ካልክም ይቻላል፤ መጀመሪያ ሲገጠም ግን ኢንተርኔት ላይ መመዝገብ አለበት።

ቲቪህን አትቀይረው። 32 ኢንቹ ላይ የ4ኬውን ጥራት አታይም፣ እውነት ነው። ጌሙ ግን በሰከንድ 30 ምስል የነበረው 60 ሲሆን እንቅስቃሴው ሲለሰልስ ያ ቲቪ ላይም ይታያል። ፒኤስ 5 ፕሮ የሚባለውን ከፍ ያለ ስሪት ግን ተወው፤ ላንተ ቲቪ አይደለም።

ብዙ ሰው ገዝቶ ከገባ በኋላ የሚደነግጥበትን ወጪ ልንገርህ። የፒኤስ 4 ጆይስቲክ የፒኤስ 5 ጌም አያጫውትም። ፒኤስ 5 ላይ የፒኤስ 4 ጌም ስትጫወት ብቻ ነው የሚሠራው። ካርቶኑ ውስጥ ደግሞ የሚመጣው አንድ ጆይስቲክ ነው። ቅዳሜ ቤትህ ለሚሰበሰቡት ልጆች ሁለተኛ መግዛት ግድ ነው፣ እሱም ውድ ነው። ዋጋ ስትጠይቅ ማሽኑን፣ ሁለተኛውን ጆይስቲክና አንድ ሲዲ ደምረህ ጠይቅ። ዕቁቡ ይህን ድምር ካልሸፈነ ገና ነው።

ያገለገለ ልትገዛ ከሆነ ደላላ መንገድ ላይ አሳይቶህ አትክፈል። ቲቪ ያለበት ቦታ ይሁን። በስልክህ ኢንተርኔት አገናኘውና አካውንት ክፈትበት፤ ሶኒ ያገደው ማሽን ከሆነ እዚያው ይታወቃል። ሲዲ አስገብተህ ግማሽ ሰዓት ተጫወት። የኤችዲኤምአይ ቀዳዳውን በስልክህ መብራት እየው፤ ውስጡ የተጣመመ ነገር ካለ ተወው። ጆይስቲኩን ሳትነካው ተጫዋቹ ራሱ የሚንቀሳቀስ ከሆነ አውራ ጣት የሚያርፍበት ማንቀሳቀሻው አልቋል ማለት ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ተከፍቶ እንደሆነ ጠይቅ። ፒኤስ 5 ቺፑ ላይ ያለው እንደ ፒኤስ 4 ፔስት አይደለም፤ ፈሳሽ ብረት ነው። በደንብ ያቀዘቅዛል፣ ግን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። በማያውቅ እጅ ተከፍቶ ከቦታው ጠብ ካለ ቦርዱን ይዞት ይሄዳል። አንድ ቀን አንዱን ስከፍት ፈሳሹ እንደ ሜርኩሪ ድብልብል ብሎ ቦርዱ ላይ ተኝቶ አገኘሁት። ሰውየው የገዛው ከሦስት ቀን በፊት ነበር። ምንም ላደርግለት አልቻልኩም።

መብራትም አለ። የትኛውንም ማሽን ብትይዝ ሬስት ሞድ ላይ አትተወው፣ ሙሉ በሙሉ አጥፋው። ተኝቶ እያለ መብራት ሲሄድ ዲስኩ ላይ ያለው ሊበላሽ ይችላል። ፒኤስ 5 ጌም ላይ እያለ 200 ዋት ገደማ ይስባል፤ ከቲቪህ ጋር አስልተህ ሴቭ አድርገህ እስክታጠፋ የሚያቆይህ ዩፒኤስ ግዛለት።

ላንተ የምለው እንግዲህ ይህ ነው። በዚህ ሳምንት ማሽንህን ሰርቪስ አስደርግ፣ ኤስኤስዲውን ለጊዜው ተወው። ቅዳሜ ከወንድምህ ጋር ፒኤስ 5 ያለው ፕሌስቴሽን ቤት ግቡና አንድ ሰዓት ኳስ ተጫወቱ። ለዚያ ሰዓት የምትከፍለው ከማንኛውም ምክር ይበልጣል፤ እጅህ ራሱ ይነግርሃል። ከዚያ ወረቀትህን አውጣ። ከሦስቱ ሁለቱ የፒኤስ 5 ከሆኑና ድምሩ ዕቁቡ ውስጥ ካደረ ግዛ፣ ፒኤስ 4ቱንም ወዲያው ሽጠው። ዋጋውን የያዘለት ኳሱ ነው። ኳሱ ለፒኤስ 4 መውጣት ሲያቆም ፕሌስቴሽን ቤቶች መግዛት ይተዋሉ፣ ያኔ ዋጋው ይወድቃል። ወረቀቱ አንዱን ብቻ ካሳየህ ደግሞ ኤስኤስዲውን አስገባና ቢያንስ አንድ ዓመት ተጫወትበት።

ስትሸጠው ግን አትቸኩል። አዲሱ ቤት ሳይገባ አሮጌው እንዳይወጣ። ሁለቱን በአንድ ዋይፋይ ካገናኘሃቸው ጌምህም ሴቭህም ከፒኤስ 4 ወደ ፒኤስ 5 ይሻገራል። ይህ ካልተመቸህ ሴቮቹን በፍላሽ አውጣ። ከዚያ አካውንትህን ከማሽኑ ላይ አንሳ፣ ማሽኑንም ከሴቲንጉ ገብተህ ሙሉ በሙሉ አጥፍተህ እንደ አዲስ አድርገው። ገዢው ሲያበራው ቋንቋ ምረጥ ብሎ የሚጠይቀው ከሆነ በትክክል አጥፍተኸዋል።